አምፖሉ የማይደርስበት አግዳሚ

ጋዜጣዊ መግለጫ የሚባል ነገር መኖሩን የሰማሁት እንዳነሣው በታዘዝኩበት ቀን ነው። ከዚያ በፊት የማነሣው ሙሽራ፣ ሕፃንና ለመታወቂያ የሚሆን ጉርድ ፎቶ ነበር። በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ በአንድ ግሪክ ፎቶ ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር፣ ሙሴ ነበር የምንለው። ሙሴ የፎቶ ወረቀትና የፊልም ማጠቢያ መድኃኒት ሊገዛ ጅቡቲ በወረደበት ሳምንት አንድ ጸሐፊ መጣ። ትልቅ ባለሥልጣን ከአዲስ አበባ ይመጣሉ፣ ስለ ፋብሪካው ጉዳይ ለጋዜጠኞች ይናገራሉ፣ ሐሙስ በዘጠኝ ሰዓት ካሜራህን ይዘህ ቅረብ አለኝ። በዘጠኝ ሰዓት! ድሬዳዋ ላይ በዘጠኝ ሰዓት ስብሰባ የሚጠራ ከደጋ የመጣ ሰው ብቻ ነው። በዚያ ሰዓት ከተማው ወይ ተኝቷል ወይ ጫቱ ላይ ነው።

የፋብሪካውን ስም ልተወው። ሠራተኞቹ ስለ ሥራ ሰዓታቸው ማመልከት ከጀመሩ ወራት አልፏል፤ መጀመሪያ አፍ አውጥተው የተናገሩት ሁለቱ ተባረዋል። ታላቅ ወንድሜም እዚያው ማሽን ላይ ነበር። አባታችን ከሞተ በኋላ ያሳደገኝ እሱ ነው፣ ፎቶ ቤት ያስገባኝም እሱ ለምኖ ነው። የሚስቱና የሦስት ልጆቹ እንጀራ ከዚያች ማሽን ነበር የሚወጣው።

አዳራሹን ቀድሜ ሄጄ አየሁት። ከሰዓት በኋላ ለሙቀቱ ሲባል መስኮቱ ሁሉ ስለሚዘጋ ድንግዝግዝ ያለ ነው፤ ያለ አምፖል አይሆንም። ያን ጊዜ የካሜራ አምፖል አንዴ ቦግ ብሎ ይቃጠላል፣ በቃ፣ ይጣላል። ስምንት ነበሩኝ። አንዱን ለሙከራ ሠዋሁት። ከጎረቤታችን ልብስ ሰፊ ስድስት ነጭ ሸሚዝ ተውሼ፣ ፎቶ ቤቱን ዘግቼ፣ በየሜትሩ አንዳንድ ወንበር ላይ አለበስኩና አነሣኋቸው። ማጠቢያው መድኃኒት በእኛ አገር ሙቀት ፊልሙን ስለሚያቀልጠው ሳህኑን በረዶ ላይ አስቀምጠን ነበር የምናጥበው፤ በረዶውን በጆንያ ይዤ ስሮጥ ግማሹ መንገድ ላይ አለቀ። ሲታጠብ አራቱ ሸሚዞች ቁጭ ብለዋል። አምስተኛው ጭጋግ ነው። ስድስተኛው ጭራሽ የለም። እንዴት ደስ አለኝ! ሰዉን ሁሉ ከአራት ሜትር ካላሳለፍኩ ማንም ከፎቶዬ አይቀርም አልኩ።

ረቡዕ ጠዋት አንድ ባለባርኔጣ ገባ። ከየት መሥሪያ ቤት እንደሆነ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም፤ እንዲህ ያለ ሰው አይጠየቅም።

“የባለሥልጣኑን ፎቶ ማንም ያነሣዋል፤ እኔ የምፈልገው ጥያቄ የሚጠይቁትን ነው፤ መልካቸው ጥርት ብሎ” አለኝ።

“እሺ ጌታዬ” አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ከሰዓት የደረቀውን የደቻቱን ወንዝ አሸዋ ተሻግሬ ወንድሜ ቤት ሄድኩ። ፀጉሩን ተቆርጦ የተዋሰውን ኮት እየለካ አገኘሁት። ጋዜጠኛ ተብሎ የሚመጣው ሁለት ሰው ብቻ ስለነበር አዳራሹ እንዲሞላ ነጋዴዎች፣ ሽማግሌዎችና አሥራ አንድ ሠራተኞች ተጠርተዋል።

“ከእናንተ የሚጠይቅ አለ እንዴ ጋሼ?” አልኩት።

“እኔ ነኝ” አለ።

“ሌላ ሰው ጠፋ?”

“አቦ ተወኝ! አንተ ሥራህን ሥራ፤ ብቻ ነገ ደህና አድርገህ አንሣን።”

ስለ ባለባርኔጣው ልነግረው አፌን ከፍቼ ተውኩት። እልኸኛ ነው፣ ቢሰማ ይብስበታል። መላውን ራሴ እፈጥራለሁ ብዬ ተመለስኩ።

ሐሙስ ጠዋት አዳራሹ ገብቼ ለካሁ። የሠራተኞቹ አግዳሚ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነው፣ ከምቆምበት አራት ሜትር አይሞላም። ዘበኛውን ለፎቶ አይመቸኝም አልኩትና ተጋግዘን አግዳሚውን ከኋላው ግድግዳ ጋር አስጠጋነው። በዚያ በኩል ያሉትን መስኮቶችም ማንም እንዳይከፍታቸው በገመድ አሰርኳቸው። ዘበኛው ላቡን እየጠረገ፣ “ወላሂ፣ ፎቶ ማንሣት እንዲህ የቀን ሥራ መሆኑን አላውቅም ነበር” አለ። እውነቱን ለመናገር በራሴ ኮርቼ ነበር። የሙሴን ትምህርት ለቁም ነገር ያዋልኩት መስሎኝ ነበር።

በዘጠኝ ሰዓት ሠራተኞቹ ሲገቡ አግዳሚያቸው ከኋላ መሆኑን አይተው ተያዩ፤ ግን ተቀመጡ። ባለሥልጣኑ ገቡ፣ ተነሥተን እጅ ነሣን። ነገሩ በሰላም አልቋል፣ ሠራተኛው ረክቷል ብለው ከወረቀት አነበቡ። ስድስት አምፖል አቃጠልኩ። ባለባርኔጣው ከጎኔ ቆሟል። ጥያቄ ያለው ካለ ሲባል የወንድሜ ድምፅ ከኋላ መጣ።

“ረክቷል የተባለው ሠራተኛ ማን እንደሆነ ይነገረን።”

“ስምህ ማነው?” አሉት። ስሙን ከነአባቱ ተናገረ። ይህንን አላሰብኩትም ነበር።

ዞር ስል በዚያ ድንግዝግዝ ውስጥ የቆመው እሱ ብቻ አይደለም። አሥራ አንዱም ተነሥተዋል፤ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ወደ እኔ ያያሉ። አንድ አምፖል ቀርቶኛል። ስድስት እርምጃ ብጠጋ ይደርስላቸዋል።

“አንሣ እንጂ!” አለኝ ባለባርኔጣው።

ከቆምኩበት ሳልነቃነቅ አነሣሁ።

ሲታጠብ ነጋዴዎቹ በብርሃኑ ተጨናብሰው ይታያሉ፤ ከእነሱ ወዲያ ጥቁር ነው። ባለባርኔጣው አየውና “የማትረባ!” ብሎኝ ወጣ። ስድቡ ደስ አለኝ። ጋዜጣው የባለሥልጣኑን ፎቶ አወጣ፤ ከሥሩም አንድ ሠራተኛ ጥያቄ አቅርቦ ነበር ብሎ ጻፈ። ሰኞ ወንድሜ ተባረረ። ከአሥራ አንዱ እሱ ብቻ።

ማክሰኞ ፎቶ ቤት መጣና የመጨረሻውን ፎቶ አሳየኝ አለ። ወደ በሩ ወስዶ በብርሃን አገላበጠው።

“እኛስ የታለን?”

ሁሉንም ነገርኩት፤ ባለባርኔጣውን፣ ሸሚዞቹን፣ አግዳሚውን፣ መስኮቱን። እንዲያው ቢያንስ ወንድሜ ደከመልኝ ይላል ብዬ ጠብቄ ነበር። ሙሽሮች የሚቀመጡበት ወንበር ላይ ቁጭ አለ።

“ተማምለን እኮ ነው የተነሣነው” አለ። “አንድ ሰው ነጥሎ ማባረር ቀላል ነው። አገር በጋዜጣ ቆመው ያያቸውን አሥራ አንድ ሰዎች ግን ማን ደፍሮ ያባርራል? ትናንት ጓደኞቼ እኛም ቆመን ነበር ብለው ቢሮ ድረስ ገቡ። ማን አያችሁ፣ እኛ ያለን አንድ ስም ነው ተባሉ። ያንተን ፎቶ ነበር የምንጠብቀው።”

“ላድንህ ብዬ ነው ጋሼ።”

“ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት” አለ። ቁጣ የለበትም፣ የባሰኝም እሱ ነው። “ረቡዕ ቤቴ መጥተህ ነበር። ምነው ብትጠይቀኝ?”

እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም። ቅዳሜ ሥራ ፍለጋ በባቡር ጅቡቲ ወረደ፤ ሚስቱንና ሦስት ልጆቹን አደራ ያለው ለእኔ ነበር።