ተራራው ያልሠራው ጥፋት

በኢኳዶር ደጋ ከተማ በሪዮባምባ አንድ ነገር ሲበላሽ ጥፋተኛው አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ከፍታው። ባቄላ አልበስል ቢል፣ ከባሕር ዳር የመጣች ሙሽራ ራሷን ቢያዞራት፣ መኪና ዳገት ላይ ቢቆም፣ ሰው ሁሉ ወደ ቺምቦራሶ ተራራ አገጩን ቀና አድርጎ «ሶሮቼ ነው» ይላል። የአየር እጥረት በሽታ ማለቱ ነው።

ጡረተኛው የአውቶቡስ ሾፌር ዋሽንግተን ፓስሚኞ ከባሕር ዳርቻዋ ከተማ ከጓያኪል የገዛት መኪናም ከዚህ ፍርድ አላመለጠችም። ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ ባለሁለት ወንበር የጣሊያን መኪና ናት። ሦስት መካኒኮች ኮፈኗን ከፍተው «ከፍታው ነው» አሉ፤ ሦስቱም ካርቡራተሯን ለደጋ አየር አስተካከሉላት። እሷ ግን ሃያ ደቂቃ እንደ ሚዳቋ ትሮጥና ዳገቱ መሃል ትንተፋተፋለች፣ ትሞታለች። ሩብ ሰዓት ያህል ካረፈች ደግሞ ምንም እንዳልነካት ትነሳለች።

አራተኛዋ መካኒክ ሶይላ ዩኪሌማ ነበረች። ዕድሜዋ ሃምሳ ዘጠኝ ነው። አባቷ ዶን ሜልቾር ጋራዡን ሲያወርሷት «ሴት ምን ልታደርገው» ያለው ሁሉ ውሎ አድሮ ደጇ ላይ ተሰልፎላት ነበር። ያ ግን ድሮ ነው። መኪና በኮምፒውተር መመርመር ከጀመረ ወዲህ እሷ ዘንድ የሚመጣው የውሃ ፓምፕና የበቆሎ ወፍጮ ብቻ ሆኗል። ግራ ጆሮዋም እየደከመ ነው። ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ የሞተርን ሕመም በጆሮዋ እየለየች የኖረች መካኒክ ምን ብላ ትናገር። አንዳንድ ጠዋት በሩን ስትከፍት፣ ዛሬ መኪና ቢመጣልኝ አውቀው ይሆን ወይ ብላ ራሷን ትጠይቃለች።

«ማስትራ፣ እርስዎም ካቃተዎት ቅዳሜ በጭነት መኪና ወደመጣችበት እሰዳታለሁ» አላት ዋሽንግተን በባለሙያ ማዕረግ ጠርቷት፣ ባርኔጣውን እያሻሸ። «ባለቤቴ በላዬ ላይ ሌላ ሚስት አስገብተህ፣ እሷም በሽተኛ፣ ትለኛለች።»

ከመንገዱ ማዶ ጎንሳሎ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ያያቸዋል። ከሦስቱ መካኒኮች አንዱ እሱ ነው፤ ሙያውን ከሶይላ ጋር በአባቷ እጅ ተምሯል።

«ሶይላ፣ በከንቱ አትድከሚ። የቆላ ልጅ ናት፤ ደጋ አይስማማትም።»

«ያንተዋ ሚስትስ የየት ልጅ ናት? ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንተን እንኳ ችላ የለ» አለችው ቀና ሳትል።

ኮፈኑን አልነካችም። የመፍቻ ከረጢቷን ይዛ ገባችና «ይንዱልኝ እስቲ፤ እስክትሞት ድረስ» አለች።

ወደ ሳን ሁዋን የሚወስደውን ዳገት ያዙ። ሞተሩ ደህና ያንጎራጉር ነበር። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ መኪናዋን ሁለት ጊዜ ትን አላት፣ ተንገጫገጨች፣ ዝም አለች። ሶይላ ወርዳ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን አንድ ካንዴላ ፈታች፤ ትኩሱን በሽርጧ ይዛ ለፀሐይ አቀረበችው። ጫፉ ነጣ ብሏል።

«ይኸውልዎ ዶን ዋሽንግተን። አየር ያጠራት ሞተር ቤንዚኑን አቃጥላ አትጨርስም፤ ካንዴላዋ ጥላሸት ይለብሳል። ይቺ ግን ነጭ ናት። ቤንዚን ነው ያልደረሳት። ተርባለች እንጂ አልታፈነችም።»

«ታንኩን እኮ ጠዋት ሞልቼዋለሁ።»

ሞልቶ መራብ። ሶይላ የመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። አባቷ «ሞተር አይዋሽም፤ ሰው ነው ሳይጠይቀው የሚመልስለት» ይሉ ነበር። ያኔ ስምንት ዓመቷ ነበር፤ የዘይት ቆርቆሮ ከፍተሽ ቅጂ ተብላ በምስማር አንድ ቦታ ብቻ በሳችው። ዘይቱ ጥቂት ወረደና ቀጥ አለ። ብትነቀንቀው እንቢ፣ ብትደበድበው እንቢ። አባቷ ምስማሩን ተቀብለው በወዲያኛው ጥግ ሌላ ቀዳዳ አበጁ፤ ዘይቱም እንደ ክር ወረደ። በወጣው ቦታ አየር ካልገባ ምንም ነገር አይወጣም። የእጃቸው ሽታ፣ የሳሙናና የግራሶ፣ ድንጋዩ ላይ ድንገት መጣባት።

ተነስታ ወደ መኪናዋ ኋላ ሄደች። የታንኩ ክዳን አዲስ ነው፤ እንደ መስታወት ያበራል። በዚያች አሮጊት ላይ አዲስ ነገር እሱ ብቻ ነበር። ክዳኑን ያዘችና ሳታዞረው ቆመች። የምትጠብቀው ድምፅ አንዴ ብቻ ነው የሚሰማው፤ ካመለጣት አለቀ። ዞር ብላ ቀኝ ጆሮዋን አስጠጋች፤ ዋሽንግተንንም ትንፋሹን እንዲይዝ በእጇ ጠቆመችው። ከዚያ ቀስ ብላ አዞረች።

ታንኩ ረጅም፣ ቀጭን ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳበ። ከውሃ ውስጥ ብቅ ያለ ዋናተኛ ይመስል ነበር። ሶይላ እስከ መጨረሻው ሰማችው።

«አሁን ያስነሱ።»

«ሳታርፍ? ሩብ ሰዓት ካልቆመች እኮ...»

«ያስነሱ ብያለሁ።»

ቁልፉ አንዴ ሲዞር ተነሳች። ዋሽንግተን መሪውን እንደያዘ አፉን ከፍቶ ቀረ።

«ሻጩ ለዓይን እንድታምር ክዳኗን ለውጦላታል» አለች ሶይላ። «የድሮው ክዳን የመርፌ ያህል ቀዳዳ ነበረው፤ አየር የሚገባበት። ይሄኛው ድፍን ነው። ሲነዷት በወጣው ቤንዚን ፋንታ አየር አይገባም፣ የቀረውም ይታገታል። ስትቆም ታንኩ በየስንጥቁ አየር ይሰርቅና ይለቃታል። ለአሁኑ ላላ አድርገን በጨርቅ እናስረዋለን፤ ስንመለስ እበሳዋለሁ።»

ሃያ ደቂቃ አለፈ፤ ሠላሳም አለፈ። አሸዋማው ሜዳ ላይ ቪኩኛዎች፣ እነዚያ ትንንሽ የተራራ ግመሎች፣ ቀና ብለው አዩዋቸው። ዋሽንግተን «እንመለስ?» አለ።

«በሃያ ደቂቃ የምትሞት መኪና ሠላሳ ደቂቃ ሄደች ተብሎ አትታመንም። ይቀጥሉ» አለች። መቀጠሉን የጠየቀው ሙያው ሳይሆን ደስታዋ ነበር፤ ራሷም ታውቀዋለች። መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ክርኗን አወጣች፤ እስከ ጓራንዳ መውረጃ ድረስም እንደዚያው ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ ጎንሳሎ መንገዱን ተሻግሮ ጋራዡ በር ላይ ይጠብቃቸው ነበር።

«ምን ሆና ነው?»

«አየር አጥሯት።»

«እኔስ ምን አልኩ?»

«ብለሃል። ግን ኮፈን ከፈትክ እንጂ ታንክ አልከፈትክም።» ክዳኑን ፈታ እጁ ላይ አስቀመጠችለት። ጎንሳሎ ገለባበጠው፣ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፣ ቀዳዳ ፈለገ። ፊቱ ሲቀየር አየች።

«ሽማግሌው አባትሽ ቢሰሙ ይስቁብኝ ነበር» አለ በመጨረሻ። ክዳኑን መለሰላትና ወደ ራሱ ጋራዥ አገጩን ቀና አደረገ። «እዚያ የቆመውን ፒክአፕ ታይዋለሽ? ኮምፒውተሩ ደህና ነው ይላል። እኔ ግን አንድ ድምፅ አላማረኝም። መጥተሽ ብትሰሚልኝ...»

ሶይላ እጇን በሽርጧ ጠረገች። «ነገ ጠዋት» አለችው። «ዛሬ ሥራ አለብኝ፤ ይሄን ክዳን እበሳለሁ።»