የመርፌ ዘይት

ደስ ይበላችሁ፤ ወርዷል! ከዚያ ከተሰቀለበት ወርዷል። ምኑ? ስቡ። የማን? የልብስ ሰፊዋ፤ እኛ ጎረቤቶቿ በቅጥነቷ «መርፌ» የምንላት።

«መርፌ ደግሞ ምን ስብ አላት?» ትሉ ይሆናል። እሷም ያለችው ይህንኑ ነው። የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ጣቶቿን እንደ ዝንጅብል ካጣመማቸው አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። የተማሪ ዩኒፎርም ስትቆርጥ መቀሱን የምትይዘው በሁለት እጇ ነው፣ ጥርሷን ነክሳ። ጠዋት ከሥራ በፊት ግን አንድ ነገር አትረሳም ነበር፤ ለስፌት መኪናዋ ሦስት ጠብታ ዘይት፣ ለራሷ አንድ ስኒ የቀለጠ ሞራ።

«ብረት እንኳ ዘይት ሲያጣ ሲጥ ሲጥ ይላል፤ አጥንትማ እንዴት አይልም!»

ብርቱካንና ሎሚ ደጇን አይረግጡም። ሆምጣጣ ነገር ቁርጥማት ይቀሰቅሳል ተብላለች።

ታላቅ እህቷም ያው በሽታ ነበረባት። መርፌ በየወሩ አንድ ጣሳ ሞራ አቅልጣ ትወስድላታለች።

«እትዬ፣ አፍንጫሽን ያዢና ጭልጥ!»

«አንቺ ልጅ፣ የስፌት መኪና አደረግሽኝ እኮ!»

ባለፈው ዓመት እትዬ ልብስ እያሰጣች ደረቷን ይዛ ወደቀች። አልተነሳችም።

ከቀብሩ በኋላ መርፌ ፈርታ ሐኪም ቤት ሄደች፤ በባዶ ሆዷ ለምርመራ ደም ሰጠች። ዶክተሯ ውጤቱን አየች።

«የደምዎ ስብ በጣም ከፍ ብሏል። ሰውነት እንደ ብረት እንዳይዝግ የሚጠብቁት ቫይታሚኖች ደግሞ ተሟጠዋል። ምንድነው የሚመገቡት?»

ስለ ሞራውም ስለ እህቷም ነገረቻት።

«እናቴ፣ ይህ የመገጣጠሚያ በሽታ ብቻውንም ልብ ይጎዳል። ሞራው ደግሞ የሚሄደው ወደ መገጣጠሚያዎ አይደለም፤ ወደ ደም ሥርዎ ነው።»

«እህቴን... እኔ ነኝ?»

«እንደዚያ ማለት አልችልም። እሳቸውን አልመረመርኳቸውም።»

«ማለት አልችልም» እና «አይደሉም» ለየቅል ናቸው። ይህን ለመለየት መርፌ ሐኪም መሆን አላስፈለጋትም።

ስድስት ወር ሞራ አልቀመሰችም። መድኃኒቷን ዋጠች፤ ብርቱካን በላች፣ ጣቷ እምቢ ስላላት በጥርሷ እየላጠች። ዛሬ ውጤቱ መጣ፤ ስቡ ወርዷል፣ ቫይታሚኑም ቀና ብሏል! ጣቶቿ ግን አልተቃኑም፤ አይቃኑምም። ወረቀቱን አጥፋ መሳቢያ ውስጥ፣ ከመኪናው ዘይት ጎን ከተተችው።

«ምነው፣ ደስ አይልሽም እንዴ?» አልኳት።

«እትዬ ቤት አንድ ጣሳ ሞራ ቀርቷል። ልጇ ትናንት ደወለች፤ ጠዋት ጠዋት ጣቷ አልታጠፍ ይላታል። ‹አክስቴ፣ የእማዬን መድኃኒት ጀመርኩ› አለችኝ።»

«እና ምን አልሻት?»

«ምን አፍ አለኝ?»

አፉስ እኔ ጋ ሞልቷል። ጫማዬን የት ጣልኩት? የልጅቷ ቤት ከድልድዩ ማዶ ነው፤ የነገውን ስኒ ሳታቀልጥ ልድረስባት።