ደሜ ያረጀበት ዓመት

ሃምሳን ካለፍኩ ወዲህ ከምንጩ እስከ ቤቴ ያለችው አቀበት ጠላቴ ሆነች። ሦስቴ ቁጭ ሳልል አልወጣትም። አራስ ልጄን ልጠይቅ ጎንደር ብወርድ፣ ገና ከበር አይታ «ምነው እማ፣ እንደ ሰም ገረጣሽ?» አለችኝ። በእርግዝናዋ ጊዜ ለደም ማነስ ከሰጧት የብረት ክኒን የተረፈውን አስያዘችኝ። እኔም አንዱ ከጠቀመ ሁለቱ ይበልጣል ብዬ ወራት ሙሉ ሁለት ሁለት ዋጥኩ። ባሰብኝ።

ሆስፒታል ያየችኝ ሐኪም «ማን አዘዘልዎት?» አለች።

«ልጄ።»

«ሐኪም ናት?»

«ልብስ ሰፊ ናት።»

ሳቋን ዋጥ አደረገችና ብረት እንዳላነሰኝ፣ ደሜ ሊሠራበት ስላልቻለ እንደተከማቸብኝ ነገረችኝ። ከቤተሰብ እንዲህ የሆነ ሰው እንዳለ ጠየቀችኝ። ወንድሜ ሳይጎለምስ ገርጥቶ ሞቷል። እኛ ቡዳ በላው ብለን ጎረቤታችንን ዓመታት አኩርፈን ኖረናል። እሱን ስነግራት አቀረቀረች።

ደሜ ለምርመራ ርቆ ተልኮ መልሱ ሲመጣ፣ ሕመሙ ከእናቴ የወረስኩት ነው አለችኝ።

«ታዲያ ሃምሳ ዓመት የት ተደብቆ ኖረ?»

ሴት ከእናትም ከአባትም ኤክስ የሚባል ውርስ አላት፤ በእያንዳንዱ የደም ሴል ውስጥ አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ይተኛል አለች። በልጅነቴ የአባቴ ደህናው ውርስ የሚሠራባቸው ሴሎች በቂ ስለነበሩ ሸጋ ደም ነበረኝ። ዕድሜ ሲገፋ ግን መቅኔ ውስጥ ያሉት ደም አፍላቂዎች እያነሱ፣ አንደኛው ወገን ብቻውን ይበዛል። በእኔ የበዛው የእናቴ የታመመው ነው።

ይሄኔ ገባኝ። እኛ ደጋ ገብስና ስንዴ ቀላቅለን እንዘራለን። ከምርቱ ሳንለይ ዘር እያስቀረን ዓመት በዓመት ስንዘራ፣ ስንዴው ሳናውቀው እያለቀ ማሳው ገብስ ብቻ ይሆናል።

«ልጄስ?» አልኳት።

«ወርሳም ላትወርስም ትችላለች።»

የብረቱን ክኒን አስጥላ፣ ደሜ ብረቱን እንዲሠራበት የሚያግዝ ቫይታሚን አዘዘችልኝ። ልጄ ቤት ተደብቄ ስውጥ ያዘችኝ።

«ደሞ ይሄ የማን ትራፊ ነው?»

ቀልዷ አስለቀሰኝ። ሁሉንም ነገርኳት። የታቀፈቻትን ሕፃን አየችና «ነገ እንሂድ» አለች።

ልጄም አለባት። ደሟ ግን ለጊዜው ደህና ነው፣ በየዓመቱ ትታይ አሉን። ከሆስፒታሉ ስንወጣ ይቅር በይኝ አልኳት።

«መርጠሽ ሰጠሽኝ እንዴ? አንቺ ሳታውቂ ሃምሳ ደረስሽ፤ እኔ አውቄ እደርሳለሁ።»

አቀበቷን አሁን አንዴ አርፌ እወጣታለሁ። ጎንደር በወረድኩ ቁጥር ግን ልጄን ሰላም ሳልላት የዓይኗን ቆብ ገልጬ አያለሁ።

«እማ፣ በግ ልትገዢ ነው?» ትለኛለች።

ትሳቅ። ውስጡ ቀይ መሆኑን ሳላይ አልቀመጥም።