በጋሼ ደምሴ ስም የሚጠራው ጥፋቴ

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። በየዓመቱ በፍልሰታ ጉልበቴ እስኪዝል እሰግዳለሁ፤ ሐሜቴን እናዘዛለሁ፣ ቁጣዬን እናዘዛለሁ፤ ለዚህኛው ስደርስ ምላሴ ይተሳሰራል። ምን ብዬ ልጀምር? «አባቴ፣ ጨዋታ ላይ ዋሸሁ» ብላቸው የሚስቁብኝ ይመስለኛል። እናንተም ትስቁ ይሆናል። ሳቁ ግድ የለም፤ ብቻ እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

አስካለ እባላለሁ። ጎሬ ተወለድኩ፣ መቱ ሠርቼ መቱ ጡረታ ወጣሁ። በደርግ ጊዜ ለላቦራቶሪ ሙያ ጀርመን ተልኬ አራት ዓመት ስለኖርኩ ጀርመንኛ አነባለሁ። በእኛ ሰፈር ጀርመንኛ የሚያነብ ሌላ ሰው አልነበረም። የኃጢአቴ ሥር ይኸው ነው፤ የማነበው እኔ ብቻ መሆኔ።

ከብዙ ዓመት በፊት፣ አብራኝ የተማረች ጀርመናዊት ጓደኛዬ በሰው እጅ አንድ ሳጥን ላከችልኝ። ልብስ መስሎኝ ከፈትኩት። ውስጡ የካርቶን ቁራጮች፣ ሥዕል ያለባቸው ካርዶች፣ ጣት የሚያህሉ የእንጨት ሰዎችና አንዲት ቀጭን የደንብ መጽሐፍ ነበሩ። በካርቶኖቹ ላይ መንገድ አለ፣ ጫካ አለ፣ ወንዝ አለ፣ ትንንሽ ከተማ አለ። ቁራጩን ከቁራጭ እያጋጠማችሁ ጠረጴዛ ላይ አገር ትሠራላችሁ፣ መንገድ ትዘረጋላችሁ፤ መንገዱ የረዘመለት ያሸንፋል። ገበጣ አውቃለሁ፣ ዳማ አውቃለሁ፣ ካርታም እንደ ማንም ሰው ተጫውቻለሁ። እንዲህ ያለ ግን አይቼ አላውቅም ነበር። የልጆች እናት ነበርኩ፤ ያንን ሳጥን ስከፍት ግን ልጅ ሆንኩ።

እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አራት ሆነን እኔ ቤት መጫወት ጀመርን። አንዷ ጫልቱ ናት፤ አስተማሪ፣ አፏ የማያርፍ፣ ኦሮምኛውንና አማርኛውን እያደባለቀች የምታስቀን። አንዱ ሰዒድ ነው፤ ጨርቅ ነጋዴ፣ ቤተሰቦቹ በሰፈራ ከወሎ የመጡ። ሦስተኛው ጋሼ ደምሴ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የመንገድ ቀያሽ። አራተኛዋ እኔ፣ የሳጥኑ ባለቤት፣ የደንቡ አንባቢ።

የኢሉባቦር ዝናብ አንዴ ከያዘ አይለቅም። ቆርቆሮውን ሲደበድብ እርስ በርስ አንሰማማም፤ ከዚያ ረገብ ይላል፣ ጉሙ ከጫካው ወርዶ መስኮቱ ላይ ይተኛል፣ ውጭ ያለው መቱ ሁሉ ይጠፋል። ያኔ ዓለም ማለት ጠረጴዛው ብቻ ይሆናል። ጫልቱ ለከተሞቹ ስም አወጣችላቸው፤ ይቺ ቡሬ፣ ያቺ ሁሩሙ፣ ይሄ ወንዝ ሶር። ሰዒድ የእንጨት ሰውዬውን በመንገዱ ላይ በቀስታ እየገፋ «ኧረ ደክሞኛል፣ ቡሬ ልድረስና ሻይ ልጠጣ» ይል ነበር፤ እኛም እውነት የደከመው ይመስለን ነበር። አንዳንዴ ዝም ስንል የሶር ፏፏቴ ድምፅ ከጠረጴዛው ውስጥ ይሰማኛል። ዝናቡ ነበር እንዳትሉኝ፤ አውቃለሁ ዝናብ መሆኑን። ግን ይሰማኝ ነበር።

ጋሼ ደምሴ ሚስታቸውን ቀብረው ዓመት አልሞላቸውም ነበር። አንዲት ልጃቸው ጥሩነሽ ሁሩሙ ከተማ ተድራለች፤ እሳቸው መቱ ብቻቸውን ይኖራሉ። ሳምንቱን ሙሉ ከሰው ጋር ቃል አይለዋወጡም። አንድ እሑድ ጫማቸውን በር ላይ እየጠረጉ «ሰኞን የምወዳት እኮ ወደ እሑድ ስለምትወስደኝ ነው» አሉን። ያ ጨዋታ ለእኔ መዝናኛ ነበር፤ ለእሳቸው የቀረቻቸው አንዲት ደጅ ነበረች። ይህንን አውቅ ነበር። አላውቅም ነበር ብዬ አላመልጥም።

ሲጫወቱ አንድ ልማድ ነበራቸው። እኛ ሦስታችን መንገዳችንን ለየብቻ ስንጎትት፣ እሳቸው አዙረው አዙረው መንገዳቸውን ከእኛ መንገድ ጋር ያገናኙታል። «መንገድ ለብቻው ምን ሊረባ?» ይላሉ ቁራጩን ሲያስቀምጡ። በደንቡ መሠረት የተገናኘ መንገድ ለሁለቱም ባለቤቶች ይቆጠራል። ከሦስታችንም ጋር ስለሚገናኙ እኛንም እያሳደጉ ራሳቸው ከሁላችን ይበልጣሉ። በመጀመሪያው ዓመት ብዙ ያሸነፍኩት እኔ ነበርኩ። በሁለተኛው ዓመት እሳቸው ሆኑ። ዝናቡ ሲያባራ ሰዒድ ለዓመቱ አሸናፊ አንድ ማሰሮ የሁሩሙ ማር ያመጣል፤ ያን ዓመት ማሩ ለጋሼ ደምሴ ገባ። ለልጃቸው ወስደው ሰጧት።

ማሩ በተሰጠ ቀን ጫልቱ እያጨበጨበች «በቃ! ከእንግዲህ እትዬ አስካለ ደንቡን ታንብብልን፣ ጋሼ ደምሴ ይጫወቱልን!» አለች። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ሆዷ እያረረ ትስቃለች ማሽላ ይባል የለ? ያቺ ማሽላ እኔ ነበርኩ። ሳጥኑ የማን ነው? ቤቱ የማን ነው? ጀርመንኛውን ማን ነው የሚያውቀው? ሳምንቱን ሙሉ ይህንን ሳመነዥክ ሰነበትኩ። አንዲት ቀልድ! በአንዲት ቀልድ ሰው እንዲህ ይሆናል? እኔ ሆንኩ።

በሚቀጥለው እሑድ ተቀመጥን። የእኔ መንገድ ከአንድ ወገን መጣ፣ የጋሼ ደምሴ መንገድ ከሌላው። መሐላቸው የአንዲት ቁራጭ ክፍተት ቀረ። እሳቸው ቁራጯን አነሱና ፈገግ ብለው ክፍተቱ ውስጥ አስገቧት።

«ቆይ» አልኩ። መጽሐፏን አነሳሁ፣ መነጽሬን አደረግኩ፣ ገለጥኩ፣ ጣቴን አንድ መስመር ላይ አሳረፍኩ። «ለካ አንድ ገጽ ዘልዬ ኖሯል» አልኩና አነበብኩላቸው፤ «ባለቤቱን ሳያስፈቅዱ መንገድን ከሰው መንገድ ጋር ማገናኘት ክልክል ነው። ይህን ያደረገ የሰው ድካም እንደ ሰረቀ ይቆጠራል፤ በዚህ መልክ ያገኘው ድልም ድል አይባልም።»

እንዲህ የሚል ነገር የለም። ጣቴ ያረፈበት መስመር የሚለው ተቃራኒውን ነበር፤ ማንም ሰው መንገዱን ከማንም መንገድ ጋር ማገናኘት ይችላል፣ ለሁለቱም ይቆጠራል። እኔ እያየሁት፣ ፊደሉ ከጣቴ ሥር ሆኖ እያየኝ፣ ሌላ አነበብኩ። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

ጋሼ ደምሴ ይከራከሩኛል ብዬ ነበር። ቢበዛ ይናደዳሉ፣ ከዚያ እኔ አሸንፋለሁ፣ በዚህ ያልቃል ብዬ ነበር። ሰውዬውን አላወቅኳቸውም። ቁራጯን በቀስታ መልሰው አነሷት፤ ፊታቸው አመድ መሰለ። «እኔ ቀያሽ ነኝ» አሉ። «ሠላሳ ዓመት ስሠራ ባለመሬቱን ሳላስፈቅድ አንድ ችንካር ተክዬ አላውቅም። አንድ ሽማግሌ እርሻው ዳር ቆሞ ‹ቶሌ፣ እሺ፣ ግባ› ሳይለኝ ገመዴን ዘርግቼ አላውቅም። ታዲያ ይሄን እንዴት ሳልጠይቅ ቀረሁ?» ገጹን የዘለልኩት እኔ ነኝ ብዬ ነበር እኮ! እኔን ማንም አልወቀሰም። እሳቸው ራሳቸውን ወቀሱ። ጨዋታው ሳያልቅ ተነስተው ሄዱ።

በሳምንቱ መጡ። በሩ ላይ ነጠላቸውን አደግድገው ቆሙ፤ አልቀመጥም አሉ። በእጃቸው አንድ ማሰሮ ማር ይዘዋል። ያሸነፉትን ለልጃቸው ሰጥተውት ስለነበር ሌላ ፍለጋ ሁሩሙ ድረስ ሄደው ነበር። «ዓመቱን ሙሉ ያሸነፍኳችሁ በሌብነት ነው» አሉ። «ባላውቅም ሌብነት ነው። ይቅር በሉኝ።»

«ኧረ ጋሼ! ጨዋታ እኮ ነው!» አለ ሰዒድ ብድግ ብሎ። ጫልቱ እጃቸውን ይዛ «ማሎ ጋሼ፣ ማሎ፣ ይቀመጡ!» እያለች ለመነቻቸው፤ እንባዋ መጣ። እሳቸው ግን የሚያዩት እኔን ነበር። የደንቡ ባለቤት እኔ ነኛ።

እውነቱ አፌ ውስጥ ነበር። «ዋሽቻለሁ» ለማለት ስንት ትንፋሽ ይፈጃል? አንድ። እኔ ያንን አንድ ትንፋሽ ወስጄ ምን አልኩ? «እግዜር ይቅር ይበልዎ» አልኩ። ማሩንም ተቀበልኩ። በዳይዋ እኔ፣ ይቅር ባይዋ እኔ! ያንን ማርም በላሁት። ጣፋጭ ነበር፤ ይህንን ደብቄ ምን አደርጋለሁ?

ጋሼ ደምሴ ከዚያ ወዲያ አልመጡም። ሰዒድ ስንት ጊዜ ሊያመጣቸው ሄደ፤ እምቢ አሉ። መንገድ ላይ ስንገናኝ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ጥግ ይዘው፣ መሬት መሬት እያዩ ያልፉኝ ነበር። ትንሽ ቆይተው ቤታቸውን ዘግተው ልጃቸው ጋ ሁሩሙ ገቡ። እኔ ግን መጫወቴን ቀጠልኩ። አሸነፍኩም።

ውሸት እግር አለው። ጫልቱ ጨዋታውን ወዳው ስለነበር ከተማሪዎቿ ጋር ካርቶን ቆርጣ፣ ቀለም ቀብታ፣ ብዙ አድርጋ አባዛችው። ደንቡንም እኔ ባነበብኩላት መሠረት ጻፈችው። ልጆቹ አድገው ጎሬ ወሰዱት፣ ቡሬ ወሰዱት፣ ሁሩሙ ወሰዱት። ጫልቱ ለተማሪዎቿ የጋሼ ደምሴን ነገር የነገረቻቸው ለቁም ነገር ነበር፤ ሳያውቁ ላጠፉት ይቅርታ የጠየቁ ጨዋ ሰው ብላ። ወሬ ግን ከአፍ ወደ አፍ ሲያልፍ ጨዋነቱን መንገድ ላይ ይጥላል፣ ጥፋቱን ብቻ ይዞ ይደርሳል።

ባለፈው ዓመት ቡሬ ለቅሶ ደርሼ ስመለስ ሚኒባስ እስኪሞላ አንድ ሻይ ቤት ተቀመጥኩ። ጉም ነበር። ከጎኔ ወጣቶች ያንን ጨዋታ ይጫወታሉ። ሕልም መሰለኝ፤ የእኔ ጠረጴዛ፣ የእኔ እሑድ፣ በማላውቃቸው እጆች። አንዲት ልጅ መንገዷን ከጓደኛዋ መንገድ ጋር አገናኘች። ሁሉም በአንድ ድምፅ ጮሁ፤ «ደምሴ! ደምሴ ሠራች! ደምሴ!»

ሻዩ እጄ ላይ ፈሰሰ። «ደምሴ ማነው?» ብዬ ጠየቅኩ።

«እኔ እንጃ እማማ» አለችኝ ልጅቷ እየሳቀች። «ዱሮ መቱ የነበረ አጭበርባሪ ነው አሉ።»

ሚኒባሱ ውስጥ ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ መቱ ደረስኩ። በማግስቱ ሳጥኑን በፌስታል ጠቅልዬ ሁሩሙ ሄድኩ። ጥሩነሽ በደስታ ተቀበለችኝ፤ ግን ደጃፉ ላይ ቀስ ብላ «እትዬ፣ አባዬ አሁን ሰው አይለዩም፤ እኔንም አንዳንዴ በእናቴ ስም ነው የሚጠሩኝ፣ እንዳይከፋዎት» አለችኝ። ግቢ ውስጥ ቡና ዛፍ ሥር፣ ጋቢ ደርበው ተቀምጠው ነበር። ሰውነታቸው አንሷል። ዓይናቸው ጉሙን እንጂ እኔን አያይም።

መጽሐፏን ገልጬ እውነተኛውን መስመር አነበብኩላቸው። በጀርመንኛ፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛም። ዋሽቼዎት ነው አልኩ፤ እርስዎ ምንም አላጠፉም፣ እኔ ነኝ፣ አስካለ ነኝ አልኩ። አንገታቸውን ነቀነቁ፤ የገባቸው ይሁን አይሁን አላወቅኩም። ከዚያ ቁራጮቹን ጉልበታቸው አጠገብ ባለች ዱካ ላይ ደረደርኩ፤ የእኔ መንገድ ከዚህ፣ የእሳቸው ከዚያ፣ መሐል አንድ ክፍተት። ቁራጯን መዳፋቸው ላይ አኖርኩላቸው።

እጃቸው አወቀው። ሰው የማይለዩት ሽማግሌ ቁራጯን በጣቶቻቸው አዟዟሩ፣ ወደ ክፍተቱ ወሰዷት፣ ልታርፍ ስንዝር ሲቀራት እጃቸው ቆመ። ወደ ኋላ መለሷት።

«የሰው መንገድ ነው» አሉ።

«ፈቅጃለሁ ጋሼ! ያገናኙት፣ ፈቅጃለሁ!» አልኩ እያለቀስኩ።

ቀና ብለው አዩኝ፤ ማን እንደሆንኩ ሳያውቁ። «ያን ጊዜ አላወቅኩም ነበር እኮ» አሉ። «ይቅር በይኝ።»

የሚስታቸው ሞት ጠፍቷቸዋል፣ የልጃቸው ስም ጠፍቷቸዋል፣ የቀየሱት መንገድ ሁሉ ጠፍቷቸዋል። እኔ የሰጠኋቸው እፍረት ብቻ አልጠፋም። ይቅር ልበላቸው? ምን ብዬ? አንዴ ይቅር ብያቸው የለ?

ስለዚህ ከእናንተ ይቅርታ አልለምንም። ወጣት አልነበርኩም፣ የተራብኩ አልነበርኩም፣ ያስገደደኝም የለም። አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ። ጎሬም ሁኑ ቡሬ፣ ሁሩሙም ሁኑ መቱ፣ ያንን ጨዋታ ስትጫወቱ መንገዳችሁን ያለ ፈቃድ አገናኙ፤ ይቻላል፣ ድሮም ይቻል ነበር። ከመካከላችሁ ያልተጻፈ የሚያነብ ሰው ካያችሁ ግን፣ ያኔ በአንድ ድምፅ ጩኹ። ደምሴ አትበሉ። አስካለ በሉ።