ከሐኪሙ ቃል የቀነስኩት

ባለፈው እሑድ ከሰዓት፣ ዘ ሄግ ያለው ቤታችን ውስጥ ምስር እየለቀምኩ ሳለ፣ ልጄ ቤቲ ከላፕቶፗ ቀና ብላ "ማማ፣ ካምፐር አገኘሁ! ስድስት ሰው ያስተኛል" አለችኝ። ካምፐር አልጋውንም ምድጃውንም ጭኖ የሚሄድ፣ ቤትም መኪናም የሆነ ነገር ነው። ለክረምቱ ዕረፍት ኦስትሪያ ውስጥ ወዳለ ተራራማ ብሔራዊ ፓርክ ልትወስደን አስባለች። መንጃ ፈቃድ ካወጣች ገና ዓመቷ ነው። "ኦፓንም እንወስደዋለን" ብላ ጨመረች፤ አያቷን ማለቷ ነው።

እኔ ምስሩን መልቀም አቆምኩ። "ምነው፣ ደስ አላለሽም?" አለች። ደስ ብሎኛል። ግን ካምፐርና ተራራ አንድ ላይ ሲነሱ፣ ይኸው ሃያ አምስት ዓመት አልፎትም፣ የአባቴ ነገር ይመጣብኛል።

ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ሮተርዳም፣ ሻርሎይስ በሚባል ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አባቴ አገር ቤት ሳለ የአሰብ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። እዚህ ደግሞ ወደቡ አካባቢ ባለ መጋዘን ዕቃ የሚያነሳ ፎርክሊፍት ይነዳል፤ ቀኑን ሙሉ ከመደርደሪያ ወደ መደርደሪያ። "ይሄ አገር ማርሽ ያስረሳል" ይል ነበር። "ዳገት የለው፣ ቁልቁለት የለው፣ ሰው ምኑን ሹፌር ተባለ?" ስለ ጣርማበር ጭጋግ ሲያወራ እጁ ሳይታወቀው የሌለ መሪ ያዞራል። በዚያ ዓመት አንድ የሥራ ባልደረባው የአልፕስን ጠመዝማዛ መንገድ ፎቶ አሳየው። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ቤታችን ውስጥ ሌላ ወሬ ጠፋ።

ካርታው የምግብ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ሰነበተ። ራት የምንበላው ጀርመን ላይ ነበር፤ ሙኒክ ላይ የወጥ ጠብታ ነበረባት። ጉዞው ከፍልሰታ ጾም ጋር ስለሚገጥም እናቴ የስንቁን ነገር ለብቻዋ ያዘች። እንጀራ እየቆራረሰች በረንዳው ላይ፣ ልብስ ማስጫው ላይ በነጭ ጨርቅ ታደርቃለች። ድርቆሹ ሲንኮሻኮሽ ደስ ይላታል። "ተራራ ወጣን ብላችሁ በጾም መሃል ቅቤ እንዳትጠይቁኝ" ትላለች። እናቴ የሆስፒታል ወለል ስታጸዳ ውላ የምትመጣ፣ ማታ ማታ እግሯን ሰቅላ ዝም የምትል ሴት ነበረች። በዚያ ሰሞን ግን ትስቅ ነበር። የስምንት ዓመቷ እህቴ ሳሮን ደግሞ ካምፐሩ ውስጥ የትኛው አልጋ የእሷ እንደሚሆን በየቀኑ ትወስናለች።

እውነቱን ለመናገር እኔ መሄድ አልፈለግሁም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከእናት ከአባት ጋር ቆርቆሮ ውስጥ? ጓደኞቼ ሁሉ ባሕር ዳርቻ ሊውሉ? ፊቴን እንዳኮሳተርኩ ነው የጸደይን ወራት የጨረስኩት። ይህን የምነግራችሁ ለኋላው ስለሚያስፈልግ ነው።

በሰኔ አባቴን ወደ ዓይን ሐኪም ወሰድኩት። ወሰድኩት ማለቴ፣ እሱ ነድቶ እኔ ተረጎምኩ። ከአሥር ዓመቴ ጀምሮ የቤቱ አፍና ጆሮ እኔ ነኝ፤ ደብዳቤ የማነብ፣ ስልክ የምመልስ፣ የኪራይ ቤት መሥሪያ ቤቱን የምለማመጥ። አባቴ በዚያ ሰሞን ትከሻውን ከበሩ መቃን ጋር ማጋጨት ጀምሮ ነበር። ጎኑ ያለን ብርጭቆ በክርኑ ይደፋል። እኛም "አሁንስ አረጀህ" እያልን እንስቅበታለን። ሐኪሙ ቀጠን ያለ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነበር። የምርመራውን ወረቀት አየና ዓይኑን ወደ እኔ አደረገ። "ግላኮማ ነው። የዳር ዳሩ እይታ ጠፍቷል፣ የጠፋው አይመለስም። ከዛሬ ጀምሮ መኪናም ሆነ ፎርክሊፍት መንዳት የለበትም። ለራሱም ለሰውም አደጋ ነው" አለ።

አባቴ "ምን አለ?" አለኝ።

እኛ ቤት ክፉ ወሬ እንዲህ አይነገርም። የእናቴ ወንድም አገር ቤት ሲሞት፣ የሮተርዳም አበሻ ሁሉ ከእሷ ቀድሞ ያውቅ ነበር። አሥር ቀን ሙሉ ምንም እንዳልተፈጠረ እየሳቀ ሲያዋራት ሰንብቶ፣ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች ይዞ በራችንን አንኳኳ። እኔ አይቼ ያደግሁት ይህንን ነው። መርዶ ጊዜ አለው፣ የሚናገረውም ሰው አለው፤ ብቻውን በተቀመጠ ሰው ላይ አይጣልም። ያ ሐኪም ግን መርዶውን ለአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ አሸክሞ፣ እስክሪብቶውን እያንቀጫቀጨ መልስ ይጠብቃል።

"ዓይንህ ደክሟል ይላል" አልኩ። "ጠብታውን ሳታቋርጥ ጨምር። ስትነዳም ተጠንቀቅ።"

"ይኸው ነው?"

"ይኸው ነው።"

ሐኪሙ "ገብቶታል?" ሲል ጠየቀኝ። "ገብቶታል" አልኩት። የሰጠኝን ደብዳቤ ጂኦግራፊ መጽሐፌ ውስጥ ከተትኩት።

እነግራቸዋለሁ ብዬ ነበር። መጀመሪያ ለእናቴ፣ ከዚያ ከቤተ ክርስቲያን ሁለት ሰው ጠርተን፣ በወጉ። ግን ወደ ቤት ስመለስ እናቴ ድርቆሽ እየገለበጠች ታንጎራጉራለች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኔ እያደር ከበደ። ደግሞስ ማን ያምነኛል? ጉዞውን ስትጠላ የከረመችው ልጅ ተንኮል አመጣች አይሉም? አባቴ በየጠዋቱ ሳሮንን በመኪና ትምህርት ቤት አድርሶ ወደ ሥራ ይሄዳል። እኔ መስኮት ላይ ቆሜ መኪናዋ እስክትሰወር አያለሁ፤ ከሰዓት ሳሮን ቦርሳዋን እየጎተተች ደረጃውን እስክትወጣ ድረስ ውስጤ አያርፍም። አምስት ሳምንት እንዲህ ሆኜ ከረምኩ።

ካምፐሩን የሚያከራየን ዛንዳም የምትባል ከተማ የሚኖር አንድ ሽማግሌ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት እኔና አባቴ ውሉን ልንፈርም ሄድን። እሱ መንገዱን ሁሉ ሲያፏጭ፣ እኔ እግሬ ሥር የሌለ ፍሬን ስረግጥ፣ ዛንዳም ደረስን። ከፋብሪካዎቹ የካካዎ ሽታ ይመጣል። አንድ ትንሽ አደባባይ ዞረን ስንወጣ በቀኝ በኩል ብስክሌት አየሁ፤ ሴትዮዋ ከኋላዋ ልጅ አስቀምጣለች። አባቴ አላቀዘቀዘም።

"አባዬ!"

ፍሬኑን ረገጠ። የብስክሌቱ የፊት ጎማ ኮፈናችንን ነክቶ ቆመ። ሴትዮዋ እግሯን መሬት ተክላ ተረፈች፣ ልጁ አለቀሰ። በእጇ ኮፈኑን ደብድባ፣ ሰድባን ሄደች። አባቴ መኪናውን ጥግ አስያዘና ሞተሩን አጠፋ።

"ከየት መጣች?"

"እዚያው ነበረች።"

"አላየኋትም።"

"አውቃለሁ።"

ቀስ ብሎ ዞረ። "እንዴት ታውቂያለሽ?"

ዓይኔን ከእሱ አሽሽቼ ኮፈኑን አየሁ። እሱም "ሐኪሙ ያለውን ንገሪኝ። ሳትጨምሪ፣ ሳትቀንሺ" አለኝ። ነገርኩት፤ ቃል በቃል፣ አንዷም አልጠፋችብኝም። ስጨርስ የጠየቀኝ ስለ ዓይኑ አልነበረም።

"አምስት ሳምንት? ሳሮንን ይዤ?"

"ደስ ብሏችሁ ስለነበር ነው፣ አባዬ። እማዬ ስትስቅ አይቼ..."

"እኔ ከዚያ ሰውዬ ፊት የተቀመጥኩት አንቺን አምኜ ነው" አለ፤ ድምፁን ሳያነሳ። "የእሱን አፍ አላውቀውም። የማውቀው ያንቺን ነው።"

ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ቁልፉን ነቅሎ እጄ ላይ አስቀመጠው፣ ወርደንም በእግራችን ሄድን። ሽማግሌው ካምፐሩን አጣጥቦ፣ በሩን ከፍቶ ይጠብቀን ነበር። ልተረጉም አፌን ስከፍት አባቴ በእጁ ከለከለኝ። በዚያ በተሰባበረ ደችኛው "ጌታዬ፣ እኔ መንዳት የለም። ዓይን" አለ፣ ጣቱን ወደ ፊቱ እየጠቆመ። ሰውየው ገባው። ከዚያ አባቴ አንድ ነገር ለመነው፤ ሹፌሩ ወንበር ላይ ወጥቶ ጥቂት ለመቀመጥ። ተቀመጠ። ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ የሰውየውን የጓሮ አጥር ሲያይ ቆየ። እኔ ውጪ ቆሜ አለቀስኩ። በባቡር ተመለስን።

መኪናዋን ከዛንዳም የእናቴ የሥራ ጓደኛ አመጣልን። አባቴ ፎርክሊፍቱን ትቶ እዚያው መጋዘን ዕቃ መቁጠር ላይ ተመደበ። ያንን ድርቆሽ ፍልሰታን ሙሉ እቤታችን በላነው፤ ማንም አላማረረም። አባቴም አንድ ቀን እንኳ አልነቀፈኝም፣ እንደ ድሮው ይቀልድብኛል። ግን ከዚያ ወዲያ ሐኪም ዘንድ ሲሄድ "ቶልክ ይደውሉልኝ" ይላል፤ በስልክ የሚያስተረጉም የማያውቀው ሰው ማለት ነው። እኔ ነርስ ከሆንኩ በኋላ እንኳ አንዲት ወረቀት አንብቢልኝ ብሎኝ አያውቅም።

ቤቲ ካምፐሩን ባገኘች ዕለት ደወልኩለት። ዛሬ እይታው በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት ሆኗል። ስለ ጉዞው ነገርኩት።

"ማን ነው የሚነዳው?"

"ቤቲ።"

"ቤቲ!" ሳቀ። "እንግዲያው ፊት የምቀመጠው እኔ ነኝ፤ ማርሽ አታውቅም። አንቺ ከኋላዬ ሁኚ።"

"ለምን ከኋላህ?"

"የዳር ዳሩን ማን ይነግረኛል? ገደሉ የት እንደሆነ፣ መንገዱ ስንት ጊዜ እንደሚታጠፍ።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ሳትቀንሺ።"

ሰው ለሚወደው ሲል እውነትን ሲቀንስ ደግ የሠራ ይመስለዋል፤ እኔም መስሎኝ ነበር። የቀነስኩት ግን ለእሱ የሚገባውን ነበር። ስልኩን ዘግቼ ወደ ምስሬ ተመለስኩ። የለቀምኩትን ካልለቀምኩት መለየት ስላልቻልኩ ከመጀመሪያው ጀመርኩት።