በወንድሜ ወንበር ማን ይቀመጥ

ወንድሜ ከሆስፒታል የወጣ ቀን ሰፈሩ ሁሉ "እንኳን ለዚህ አበቃህ" ብሎ ስሞታል። አቅፈው፣ ጉንጭ በጉንጭ አገላብጠው ነው የሳሙት። ያንኑ ጉንጭ ለምላጩ ሊሰጠው የፈቀደ ግን አንድም ሰው አልተገኘም። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው።

ፀጉር ቤቱ የአባታችን ነው። ፊት ለፊት የወንዶቹ ክፍል አለ፣ ሁለት ወንበርና ሁለት መስታወት። ከመጋረጃው ጀርባ ያለው ደግሞ የእኔ ነው፣ የሴቶቹ። መጋረጃው ስስ ስለሆነ የሚያወሩት ሁሉ ይደርሰኛል። ወንድ ሐሜት አያውቅም የሚል ካለ አንድ ቀን እኔ ጋ ይዋል። ወንድሜ ከመታመሙ በፊት ሁለተኛው ወንበር የእሱ ነበር፤ ሰው የአባቴን ወንበር ባዶ እያየ የእሱን ተራ ይጠብቅ ነበር። "እጁ አይሰማም" ይሉት ነበር። ሲላጩ እንቅልፍ የሚወስዳቸውም ነበሩ።

ከዚያ እሱ ራሱ እንቅልፍ አጣ። ቀጥሎ ደንበኞቹ አፋቸውን ሳይከፍቱ እንደሚሰድቡት ይነግረኝ ጀመር። አንድ ጠዋት መስታወቱ ውስጥ ያለው ሰውዬ አናገረኝ ብሎ መስታወቱን በበርጩማ ሰበረው። መስታወት ነው የሰበረው፣ ሰው አልነካም። የተቆረጠው የራሱ እጅ ብቻ ነው፤ ያሰርኩለትም እኔ ነኝ። ወሬው ግን ሰፈሩን ዞሮ ሲመለስ "ምላጭ ይዞ ሰው አባረረ" ሆኖ መጣ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ሞተች ታንቃ።

መዳን ደግሞ እንደ ጉንፋን አይደለም። የመጀመሪያው መድኃኒት አፉን አሰረው፣ እጁን አንቀጠቀጠው፣ ቀን ሙሉ ያስተኛው ነበር። ከሆስፒታል ወጣ፣ መድኃኒቱን ተወ፣ ተመልሶ ገባ። የያዘችው ሐኪም ግን ትዕግሥተኛ ነበረች፤ መድኃኒቱን ለወጠችለት፣ መጠኑን እያየች ቀነሰችለት። እሱም የራሱን ነገር አጠና። እንቅልፉ ሲሳሳ ቶሎ ይነግራታል፣ ማታ በጊዜ ይተኛል፣ ክኒኑን አይዘልም። "ድምፁ ጠፋልህ?" ብዬ ብጠይቀው "ሩቅ ሄዷል። ቢመጣም ወሬውን አልቀበለውም" አለኝ። እጁም ረጋ። ሐኪሟ አባቴን ጠርታ "መድኃኒቱ የእኛ ድርሻ ነው፣ የቀረው ሥራው ነው። ወንበሩን ስጡት" አለችው። አባቴም ወንበሩን ሰጠው፣ ሐሰት አልናገርም። ሰው ግን ከየት ይምጣ?

ደንበኛ ይገባል፣ አባቴ ሰው ይዟል፣ ወንድሜ ንጹሕ ሽርጥ አንጠልጥሎ ባዶ ወንበሩ አጠገብ ቆሟል። "ግድ የለም፣ ጋሼን እጠብቃለሁ" ይላል ሰውዬው። ወይም አንድ ጉዳይ ትዝ ይለዋል። ከሁሉ የባሰው ሬዲዮ የምንለው ደንበኛችን ነው፤ የሰማውን ሳያሰራጭ አያድርም። እሱ "እኔ እንኳ አልፈራም፣ ሚስቴ ናት የምትፈራው" ይልና ይስቃል፤ ሌላውም ይስቃል። ወንድሜ አብሮ ቢስቅ በዓይን ይጠቃቀሳሉ፣ ዝም ቢልም ይጠቃቀሳሉ። ሌላው ሰው ሲቆጣ ተቆጣ ይባላል፤ እሱ ሲቆጣ "ተነሳበት" ነው። ስለዚህ መቆጣት ተወ። መጥረጊያውን ያዘና ፀጉር መጥረግ ጀመረ። በሙያው አንደኛ የነበረው ልጅ!

"አንድ ሰው ብቻ ቢቀመጥልኝ ሁለተኛው ይመጣል" ይለኝ ነበር። ሌላ ምንም አልፈለገም።

ያ አንድ ሰው ደግሞ ቤታችን ውስጥ ነበር። አባቴ አርጅቷል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። የሰው ፀጉር በቶንዶዝ እንደምንም ይወጣዋል፤ የራሱን ፂም ሲላጭ ግን ፊቱን ይተለትለው ነበር። እናም ቤት፣ በሩ ተዘግቶ፣ ወንድሜ ይላጨው ጀመር። ፎጣውን በሙቅ ውኃ ነክሮ ፊቱ ላይ ያሳርፍለታል፣ አረፋውን ይቀባዋል፣ አገጩን በሁለት ጣት ቀና ያደርገዋል። አባቴ አንገቱን ሰጥቶ ያንቀላፋል። ይህን ሳይ ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው እላለሁ፤ እንባዬ ይመጣል።

አንድ ቀን ሬዲዮ ወንበር ላይ ሆኖ በመስታወቱ ውስጥ አባቴን አየው። "ጋሼ፣ ዛሬማ ሙሽራ መስለዋል። ማነው እንዲህ አሳምሮ የላጨዎት?"

ወንድሜ መጥረጊያውን እንደያዘ ቆመ። እኔም የደንበኛዬን ፀጉር እንደያዝኩ ጆሮዬን አቆምኩ። የሚያስፈልገው አንድ ቃል ነው። "ልጄ" ቢል ሬዲዮ ሳይመሽ ለሰፈሩ ያዳርሰው ነበር፤ በማግስቱ ወንድሜ ወንበር ላይ ሰው ይቀመጥ ነበር።

"እኔው ራሴ" አለ አባቴ።

መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ። "ውሸቱን ነው! እሱ ነው የላጨው፣ ቤት ውስጥ፣ ዓይኔ እያየ።"

"እህት ናትና ምን ታድርግ" አለ ሬዲዮ። ሁሉም ወደ አባቴ ዞሩ። አባቴ ፎጣ እያጠፈ፣ ቀና ሳይል፣ "ወንድሟን ስለምትወድ ነው" አለ።

ወንድሜ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። መሳቢያውን ከፍቶ የራሱን ምላጭ አወጣ። ሬዲዮ ከነሽርጡ ተስፈንጥሮ በሩ ላይ ደረሰ፤ የፀጉሩ ግማሽ ተቆርጦ ግማሹ ጎፈሬ ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ እፈርስ ነበር። ወንድሜ ምላጩን በፎጣ ጠቅልሎ ቦርሳው ውስጥ ከተተና "ደህና ዋሉ" ብሎ ወጣ።

ማታ አባቴን ያዝኩት። "ለምን ካድከው?"

"እሱ ይላጨኛል ብል ሰው እኔንም ይሸሸኛል። ቤቱ በምን ይቆማል?"

ደሜ ፈላ። "ስለዚህ እሱ ይሂድልህ?" አልኩት።

ወንድሜ ከከተማው ማዶ፣ መናኸሪያው አጠገብ ሥራ አገኘ። መንገደኛ የሚበዛበት ቦታ ነው፣ ማንም ማንንም አያውቅም። ለባለቤቱ የሆነውን ሁሉ ነገረው። ሰውዬው "መድኃኒትህን ትወስዳለህ?" አለው፤ "አዎ" አለ። "በል ምላጭህን አሳየኝ" ብሎ ራሱ ወንበሩ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። ባዳ ነው እንግዲህ ይህን ያደረገው። ለሌላ ሰው አልነገሩም፤ ምን አገባው? ብዙም ሳይቆይ አግዳሚው እሱን በሚጠብቅ ሰው ሞላ። የራሱን ክፍል ተከራየ፣ ፊቱ ሞላ፣ ቀልድ ጀመረ። ሄጄ ባየሁት ቁጥር ልቤ ቅቤ ይጠጣ ነበር።

የአባቴ ፂም ደግሞ አደገ። በራሱ ሞክሮ ጉንጩን ቆርጦ ተወው። እኔን ሲለምነኝ "እኔው ራሴ ብለህ የለ" አልኩት። አንዳንዴ ክፉ ነኝ። መጨረሻ ላይ ግን "ወደ ልጄ ውሰጂኝ፣ ይቅርታ ልበለው" አለ፤ አንጀቴን በላውና ይዤው ሄድኩ።

ወንድሜ በሩ ላይ ሲያየን ቶንዶዙን አጠፋ። ከዚያ ፈገግ አለና "አባዬ፣ እዚህ ወረፋ አለ፣ ተራህን ጠብቅ" አለው። አግዳሚው ላይ ያሉት ሳቁ፤ ለአባቴ ቦታ ለቀቁለት። አባቴ ተራውን ጠበቀ። ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ "ልጄ፣ እኔኮ" ብሎ ጀመረ። ወንድሜም "ስላጭ አይወራም፣ ይቆርጥሃል" አለው። ሙቁ ፎጣ፣ አረፋው፣ ከዚያ ምላጩ። አባቴ አረፋው ውስጥ ያለቅስ ነበር፤ ወንድሜ በሽርጡ ጫፍ ዓይኑን ጠረገለት። እዚያ ላይ አባትና ልጅ ታርቀዋል።

አባቴ ተነሳ። ጉንጩን ዳበሰ፣ መስታወቱን አየ፣ ዞር ብሎ አግዳሚው ላይ ያሉትን ሰዎች "ልጄ ነው" አላቸው።

"ይባርክልዎት" አለ አንዱ። "እጁ ወርቅ ነው" አለ ሌላው። እዚህ ጋ ቢያበቃ ምን ነበረበት! አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚባለው ለእኛ ቤት ነው።

"እኔ አባቱ ፈርቼ በሰው ፊት ካድኩት" አለ አባቴ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። "እናንተ ግን አልፈራችሁትም፣ እግዜር ይስጣችሁ። አብዶ ነበር እኮ! ስንት ጊዜ ሆስፒታል ተኝቷል፣ መስታወት ሰብሯል። አሁን ይኸው ድኗል። አንድ ጭረት የለብኝም፣ እዩኝ!"

እጅጌውን ጎተትኩት፣ አልሰማኝም። ለመካስ ብሎ ነው፤ ያኔ የዋጠውን ቃል አሁን እየመለሰ መስሎታል። ወንድሜ ዓይኑን ጨፈነ።

ሰዎቹ ምንም ክፉ አልተናገሩም። አንዱ ስልኩን አየና ወጣ። "እጁ ወርቅ ነው" ያለው ሰውዬ ጉሮሮውን እየዳበሰ መሬት መሬት ያይ ጀመር። የቀሩት እርስ በርስ ተያዩ። ባለቤቱ ዕቃ ሊገዛ ወጥቶ ነበር፤ ቢኖር ምናልባት አሁንም ራሱ ይቀመጥ ነበር።

ወንድሜ ሽርጡን አራገፈ። ወንበሩን በመዳፉ ጠረገ፣ ምላጩን በአልኮል አበሰ፣ አዲስ ፎጣ አነሳ።

"ተረኛ" አለ።

ማንም አልተነሳም።

"ተረኛ" አለ እንደገና፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። አባቴ መሐላቸው ቆሞ፣ በለሰለሰው ጉንጩ ላይ እንባው እየወረደ፣ "ሂዱ እንጂ፣ ተቀመጡ፣ ምን ትጠብቃላችሁ?" ይላቸው ነበር።