ግራ እጃቸውን የሚያነሱት ወንድሜ

ከናዝሬት በምሽት የወጣሁት ከራሴ ቤት ሳይሆን ከጋሽ ቶሎሳ ቤት ነው። ይህን ብነግር የሚያምነኝ የለም፤ እኔና እሳቸው ሳንጨቃጨቅ የዋልንበት ቀን የለማ።

የጸሎት ቤታችን ከታሸገ ወዲህ በየቤቱ ተደብቀን፣ በሹክሹክታ ነበር የምንዘምረው። በቀበሌ ስብሰባ ደግሞ ግራ እጅን ጨብጦ ማንሳትና መፈክር ማሰማት ግድ ነው። እኔ አላነሳም ብዬ የጨርቅ ሱቄ ተዘጋ። ልብስ ሰፊው ጋሽ ቶሎሳ ግን ያነሳሉ፣ ያውም ከሊቀመንበሩ አስበልጠው! ምእመናኑ ረግመዋቸው ቤታቸውን መርገጥ ተዉ። እኔ ብቻ እሄዳለሁ፤ ተሟግተን፣ አብረን ተንበርክከን እንለያያለን።

"እርስዎ እኮ ካዱ" እላቸዋለሁ።

"ለደንበኛ ቀኑን ሙሉ እጅ ስትነሳ ትውላለህ፣ ለቀበሌ ሲሆን ጸደቅህ?"

ሊያስሩኝ ሲፈልጉኝ የአማኞችን ቤት ሁሉ በረበሩ፤ የሳቸውን አልነኩም። እንዲያ እጁን የሚያነሳን ሰው ማን ይጠረጥራል? ከስፌት መኪናቸው ኋላ ሰነበትኩ። ሲሸኙኝ፣ "ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድሜ፣ ክርክርህን አትተው፤ ከወንድሞችህም አትለይ" አሉኝ።

እስከ ድሬዳዋ በባቡር፣ ከዚያ በኮንትሮባንድ ግመሎች ኋላ በእግር ጅቡቲ ገባሁ። መተሐራን ሞቃት ነው ብዬ ያማሁበት አፌ ይቅር ይባል! ባጌት የሚሉት ዳቦ ቁመቱ ከዘራ ያህላል፣ ሆድ ግን አይሞላም።

እዚያ ያገኘኋቸው የአገሬ አማኞች አንዲት ክፍል ተከራይተው መሃሏን በአንሶላ ጋርደዋታል፤ ወዲህ ጮኸው የሚጸልዩ፣ ወዲያ ዝም ብለው የሚጸልዩ። አከራያችን፣ ሙሴ ዓሊ፣ ሳቀብን።

"መንግሥታችሁ እዚህ ድረስ አባረራችሁ። እርስ በርስ ደግሞ ወዴት ልትባረሩ ነው? ከዚህ ወዲያ ባሕር ነው!"

የጋሽ ቶሎሳን ነገር አጫወትኳቸው። በማግስቱ አንዲት እህት ላጥበው ብላ አንሶላውን አወረደችው፤ መልሶ የሰቀለው የለም። ጭቅጭቁ ግን እንዳለ ነው፣ ተመስገን።

ይህንኑ ላበስር ፖስታ ቤት ሄጄ ናዝሬት ጎረቤታችን ሱቅ ደወልኩ። ባለቤቴን ጠሩልኝ።

"ጋሽ ቶሎሳስ?"

"ወሰዷቸው።"

"ምን አድርገው? እጃቸውን ያነሱ የለም እንዴ!"

"አንተ ከሄድክ ወዲህ እምቢ አሉ። 'ባነሳሁት ቁጥር እሱ ትዝ ይለኛል' አሉ።"

"ወገኖቻችንስ?"

"አሁን ሁሉም በየተራ ስንቅ ያደርሳል። ትናንትና ዛሬ ግን ሳይነካ ተመለሰ።"

በዚያ ዘመን ስንቅ የተመለሰበት ቤት ለቅሶ ይቀመጣል።

እጅ ማንሳቱ ስህተት ነው ብዬ ዛሬም እከራከራለሁ። ያን ቀን ግን፣ "አንሱ በያቸው! ያንሱ፣ እኔ ነኝ ያልኩት በያቸው!" እያልኩ ስጮህ፣ መስመሩ ከተቋረጠ ቆይቶ ነበር።